ክርስትና አባት የጠፋ ዕለት

አንዳርጋቸው አሰጋሽን አዝሎ ጓንግን ያሻገራት በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ነው፤ የወንዙ ጉልበት ገና አልበረደም ነበር። ለእሱ ነገሩ ምንም አልነበረም። ረኃብ ከየቀዬው ነቅሎ ያወረደውን ሰው፣ አሮጊት ሳይል ሕፃን ሳይል፣ ከጧት ጀምሮ ሲያመላልስ የዋለ ሰው ነው፤ አሰጋሽ ምናልባት አሥራ አንደኛዋ ብትሆን ነው። ለእሷ ግን ሌላ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ተሸከመች እንጂ ማንም ተሸክሟት አያውቅም። ባሏ መካን ናት ብሎ ከሰደዳት ወዲህማ የሰው እጅ የነካት ገበያ መሐል ሲጋፏት ብቻ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ውኃ እስከ ደረቱ በዋጠው ሰው ጀርባ ላይ አስቀምጡና «አይዞሽ እታለም፣ አጥብቀሽ ያዥኝ» በሏት። አጥብቃ ያዘችው። ማዶ ሲደርሱ አወረዳትና፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ፣ ሌላ ሰው ሊያመጣ ተመለሰ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደደችው። ነገሩን ማድበስበስ አያስፈልግም። ረኃብ ፍቅርን ያስረሳል የሚል ሰው ካለ ተርቦ የማያውቅ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ልብ ሥራ ይፈታና ያገኘውን ሁሉ ሲያላምጥ ይውላል።

ገላባት ላይ ስደተኛው ሲመዘገብ ከአሰጋሽ ፊት የቆመችው ልጅ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ኮከብ ትባላለች። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሆዷ ገፍቷል፤ ባሏን ተቅማጥና ትውከት ባንድ ቀን ጨርሶባት ከመንገድ ዳር ቀብራው መምጣቷ ነው። ጸሐፊው በተሰባበረ አማርኛ ከማን ጋር ነሽ ቢላት መልስ አጣች። አሰጋሽ ቀበል አድርጋ «እህቴ ናት» አለችው። ለምን እንዳለች ራሷም አታውቀው፤ ብቻዋን መጻፉ ከብዷት ይሆናል። ባንድ የራሽን ካርድ ላይ እህትማማች ተብለው ተመዘገቡ። ይህ የመጀመሪያው ውሸቷ ነው፤ በዚህኛውስ እግዚአብሔርም የሚቆጣ አይመስለኝም።

ከገላባት በሎሪ ጭነው ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጥቁር ዋልካ ሜዳ ላይ አሰፈሯቸው። አንዳርጋቸውም እዚያው ደረሰው። አገሩን ያውቀዋል፤ ከጉርምስናው ጀምሮ በየዓመቱ ለሰሊጥና ሱዳኖች ዱራ ለሚሉት ማሽላ አጨዳ እየወረደ፣ ሥራው ሲያልቅ ጥቂት ገንዘብና አንድ ጥቅል አቡጀዲ ይዞ ወደ ጎንደር ይመለስ ነበር። ዐረብኛውም ከሰው አያሳንሰውም። የዘንድሮው ግን የአጨዳ መንገድ አልነበረም። ዘንድሮ የሚመለስበት አገር ራሱ ተነሥቶ ከኋላው መጥቷል።

ለሁለቱ ሴቶች ከዱራ አገዳ ጎጆ የሠራላቸው እሱ ነው። አሰጋሽ ለመነችው፤ እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ ሳይለመን በየሦስት ቀኑ ብቅ ማለት ጀመረ። አንድ ጀሪካን ውኃ ከሃፊሩ፣ ማለት ዝናብ ከሚጠራቀምበት ኩሬ፣ ቀድቶ ያመጣል፤ አንዳንዴም በወረቀት የተቋጠረ ስኳር። ደጃፉ ላይ ቁጭ ይልና ወሬ ይነግራቸዋል፤ የሱዳኑም እህል ዘንድሮ እንደነገሩ እንደሆነ፣ ለአጨዳ ሥራ ሰው ሊወስዱ የሚመጡት ሎሪዎች ከመቶ ሰው አሥሩን ብቻ መርጠው እንደሚጭኑ። አሰጋሽ የምትሰማው ድምፁን ነው እንጂ ወሬውን አይደለም።

ጎረቤታቸው ራሒማ የመተማ ነጋዴ የያዕቁብ ሚስት ናት። ስደተኛ አይደለችም፤ ስደተኛ ባለበት ሻይ ይሸጣል ብላ መጥታ የሰፈረች ሴት ናት። አፏ አያርፍም። አንድ ቀን የአሰጋሽን ጠጉር ስትሠራላት፣ ያ ሰውዬ ከሃፊር እዚህ ድረስ ውኃ የሚያመላልሰው እግሩን ሊያፍታታ ነው ወይ፣ ወላሂ እዚህ ሰፈር ሰርግ ይሸተኛል አለቻት። አሰጋሽ ሳቀችና ዝም በይ አለቻት። አንጀቷ ግን ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን ለሁለት የሚበቃውን ዱራ ለሦስት አድርጋ ብታበስልም ማንም አልመጣም።

ጥቅምት ላይ ኮከብ ምጥ ያዛት። አሰጋሽ አዋላጅ ሆና ወገቧን ደግፋ፣ ላቧን ጠርጋ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አብራት ስታምጥ ዋለች። ወንድ ተወለደ። አሰጋሽና ራሒማ እልል አሉ። አንዳርጋቸው ከደጅ የአገዳውን ግድግዳ ተደግፎ ኖሯል፤ አሰጋሽ የምሥራች ልትለው ብቅ ስትል ፊቱ አመድ መስሏል። ሰው በዚህ ጊዜ ወንድ ነው ሴት ይላል። እሱ «እሷስ? እሷ ደኅና ናት?» ነው ያለው።

ደኅና ናት አለችው። ቀጥላም ወንድ መሆኑን ነገረችው፤ እሱ ግን የሰማት አይመስልም፤ ከትከሻዋ በላይ ወደ ጎጆው ያያል። ውኃው፣ ስኳሩ፣ ደጃፍ ላይ መቀመጡ፣ ሁሉም ባንዴ ተገለጠላት። ለዚያች ነው። ለዚያች ለአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ገና ከፊቷ የእንባ መንገድ ላልጠፋላት ልጅ ነው። አሰጋሽ ተመልሳ ገባችና የሕፃኑን እትብት ስትቋጥር ክሩ ሁለቴ አመለጣት፤ ራሒማ ድካም ነው ብላ ውኃ አጠጣቻት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱ ራሱ ተናገረው። ደግ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከክፉው ይብስ ያቆስላል። አሰጋሽን ከሃፊሩ መንገድ ላይ አገኛትና፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ በአገሬ ብሆን ሦስት ሽማግሌ እልክ ነበር፤ እዚህ ግን ካንቺ በቀር የምልከው የለኝም፤ ሐዘኗ በረድ ሲል፣ ልጁም ክርስትና ሲነሣ፣ ለኮከብ ንገሪልኝ አላት። እታለም እያለ። አሰጋሽ ከዚያ ቀን በፊት ይህን ቃል ትወደው ነበር፤ ለካ የታላቅ እህት መጠሪያ ነው፤ ለካ ገና ወንዙ ውስጥ ሳለች ነግሯት ኖሯል።

እነግርልሃለሁ አለችው። አልነገረችም። አንድ ሳምንት ቆይቶ ምን አለች ቢላት፣ ነግሬያታለሁ፣ ልጁ ክርስትና ይነሣ ብላለች አለችው። ፊቱ በራ። እሷም ያን የበራ ፊት እያየች በራሷ ውሸት ቀናች። የቅናት ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው ያልሰጠውን ራሱ ቆርሶ ይሰጥና መልሶ ይበግናል።

ኮከብን ጠላቻት ወይ? ይህን ነው ማስረዳት የሚያስቸግረው። አልጠላቻትም። ጧት ጧት ሕፃኑን አጥባ ስትጨርስ ተቀብላ የምታስገሳው አሰጋሽ ነች፤ አጥሚቱን መጀመሪያ የምታጠጣት፣ ነጠላዋን አውልቃ የምታለብሳት እሷ ነች። እጇ ይወዳታል። ልቧ ግን አንዳርጋቸው በሩ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር እንደ ተረገጠ እሾህ ይጠዘጥዛታል። ኮከብም የወጣት ነገር፣ እሱ የመጣ ለት ሳታውቀው ሻሿን ታስተካክላለች። ያቺን የሻሽ ማስተካከል አሰጋሽ ካየች እህል አይወርድላትም።

ክርስትና አባት እንዲሆን የታሰበው ካሣ ነበር። የኮከብ አገር ሰው ነው፣ ሃምሳ የሞላው፣ ጎጆው ከእነሱ ስምንተኛው ነው። ኮከብ ጠይቃው እሺ ብሎ፣ አርባው ቀን ሲሞላ አነሣዋለሁ ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

አርባው ሳይሞላ፣ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሕፃኑ ታመመ። ተቅማጥ ነው። የሐኪሞቹ ድንኳን ስኳርና ጨው የገባበት ውኃ በጠርሙስ ሰጥቷቸው ሲያንጠባጥቡለት ቢያድሩም፣ ሲነጋ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ፣ ማልቀስ እንኳ አቅቶት ነበር። አንዳርጋቸው ሰምቶ ሥራ ፍለጋውን ትቶ መጣ። ኮከብ ልጇን ለእሱ አስታቅፋ አሰጋሽን በሁለት እጇ ያዘቻት።

«እታለም፣ ክርስትና ሳይነሣ እንዳይሞትብኝ። ቄሱንና አያ ካሣን ጥሪልኝ፤ ሩጪልኝ» አለቻት።

አሰጋሽ ሮጠች። ቄስ ታከለን ከመቃብሩ ዳር፣ ጧት ከቀበሩት ሰው ላይ አፈር ሲመልሱ አገኘቻቸው። ዲያቆናቸውን ራሱ ከቀበሩ ሳምንታቸው ነው፤ መጽሐፉንም መስቀሉንም ብቻቸውን ይዘው ነው የሚዞሩት። ገና ስትነግራቸው እጃቸውን አራግፈው፣ እኔ ልቅደም፣ አንቺ ክርስትና አባቱን ይዘሽ ነይ ብለው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።

ወደ ካሣ ጎጆ ዞረች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ እውነት ለመናገር፣ ክፉ ነገር አላሰበችም። ሕፃኑ እንዳይሞት ነበር ሐሳቧ። ከአጥሩ ደረሰች። ካሣ ጀርባውን ሰጥቶ በጠፍር አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ነጠላውን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ፀሐይ ይሞቃል። ልትጠራው አፏን ከፈተች። ያኔ ነው ነገሩ የመጣላት።

በእኛ ወግ ልጁን ክርስትና ያነሣ ሰው ከልጁ እናት ጋር አበልጅ ይባላል። አበልጅ ከሥጋ እህት ይብሳል። አበልጁን የሚመኝ ሰው እንኳን ቄስ ዛፍ አያስጠልለውም። ካሣ ቢያነሣው ካሣ አበልጅ ይሆናል። ካሣ ባይኖርስ? ወንድ የተባለ ሁሉ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሎሪ ማቆሚያው ወርዷል፤ ሥራ ያገኘው ተጭኗል፣ ያላገኘው እስከ ቀትር እዚያው ቁጢጥ ብሎ ይውላል። ያዕቁብ እስላም ነው፣ ደግሞም ገዳሪፍ ለሸቀጥ ሄዷል። በእነሱ ጎጆ ውስጥ ያለው ክርስቲያን ወንድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሕፃኑን ታቅፎ ቆሟል።

ሁለት አቡነ ዘበሰማያት የሚያስደግም ያህል አጥሩን ይዛ ቆመች። ካሣ አንዴ ሳል አለው። ዞር ቢል ኖሮ ያያት ነበር፤ ቢያያት ኖሮ ትጠራው ነበር። አልዞረም። አሰጋሽ እጇን ከአጥሩ ላይ አንሥታ ተመለሰች። ስምንቱን ጎጆ ስታልፍ ምን እንደምትል እንኳ አላዘጋጀችም፤ ውሸቱን እንደ ሌላው ሰው ከአፏ ሲወጣ ነው የሰማችው።

«የለም» አለች። «ሎሪ ማቆሚያ ወርዷል።»

ቄሱ ሕፃኑን አዩት፤ ከንፈሩን አዩት። ልጁ አይቆይልንም፣ ሎሪ ማቆሚያ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሬሳ ነው የሚያገኘው አሉ። ወንድ ነውና ወንድ ያነሣዋል ብለው ዙሪያውን ተመለከቱ። ዓይናቸው የሚያርፍበት ሌላ ቦታ አልነበረውም።

አንዳርጋቸው አሰጋሽን አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ለምኖ የሚያያት መሰላት፤ ሌላ ሰው ፈልጊልኝ የሚላት መሰላትና ዓይኗን ሰበረች። ከዚያ ወደ ኮከብ ዞረ። ኮከብ መሬት ላይ ተንበርክካ ግንባሯን ከልጇ እግር አስጠግታለች፤ ቀና አላለችም።

«እኔ አነሣዋለሁ» አለ።

ራሒማ ሮጣ ውኃ በማንቆርቆሪያዋ አመጣች፤ የሻይ ውኃዋ ነበር። ቄሱ ባረኩት። አንዳርጋቸውን ልጁን እንደታቀፈ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን እክዳለሁ በል አሉት፤ በልጁ ፈንታ ሦስት ጊዜ ካደ። በሦስተኛው ድምፁ ሰለለ። ወደ ምሥራቅ መልሰው ሃይማኖቱን አስመሰከሩት፤ ውኃው ፈሰሰ፤ ከነጠላ ጥለት የተመዘዘ ክር ለማዕተብ ታሰረ። ኃይለ ሚካኤል ተባለ። አሰጋሽ ከበሩ ጥግ ቆማ ሁሉንም አየች። የፈለገችው ሆነላት። ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ የተሰማት ግን ብርድ ብቻ ነው፣ በዚያ ሐሩር።

ልጁ አልሞተም። ኮከብ ያንን የስኳርና የጨው ውኃ በጣቷ ጫፍ ስታንጠባጥብለት ዋለች፤ አመሻሹ ላይ ሸና፤ በሦስተኛው ቀን አለቀሰ። ሞትን የጋረደው እግዚአብሔር ነው ብላ የቤት ስሙን ጋረደው አለችው። ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ እንኳን ማርያም ማረችልሽ አላት። አሰጋሽንም አመሰገኗት፤ ሮጣ ቄሱን ያደረሰች እሷ ናት እያሉ።

ከዚያ በኋላ አሰጋሽ መጠበቅ ጀመረች። ነገሩ በልቧ ቀላል ነበር፤ ያኛው በር ተዘግቷል፣ ሰው ደግሞ በር ሲዘጋበት ወደ ሌላው ዘወር ይላል። ራሒማ ዘንድ ሄዳ ጠጉሯን ተሠራች። አንዳርጋቸው መምጣቱን አልተወም። አመጣጡ ግን ተለወጠ። ጎጆው ውስጥ አይገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «አበልጄ፣ እንዴት ዋላችሁ» ይላል፤ የኮከብን ፊት አያይም፤ ለልጁ ያመጣውን ያቀብላል። አሰጋሽ ሻይ ትሰጠዋለች። ከጎኗ ተቀምጦ እግዜር ይስጥልኝ እታለም ብሎ ጠጥቶ መንገዱን ሲያይ ይቆያል። በአንድ ወር ውስጥ ያ ወንዝ የሚያሻግር ትከሻ ወደ ፊት ጎበጠ።

አሰጋሽ ብቻዋን ኖራ ታውቃለች፤ ብቸኝነት ማለት ሰው የሌለበት ቤት ነው ብላ ታስብ ነበር። አሁን ግን የሚወዱት ሰው ክንዱ ክንድዎን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀምጦ፣ እዚያ አለመኖሩን አወቀች። ይሄኛው ይከፋል። ኮከብም ሻሿን ማስተካከል ትታለች። ሦስቱ ሰዎች ባንድ አጥር ዙሪያ ለየብቻ ይውላሉ፤ ልጁ ብቻ ይሳሳቃል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ አንዳርጋቸው ከአጥሩ ዳር ተቀምጦ ሳለ፣ ካሣ በምርኩዝ እያነከሰ መጣ። ልጁን አየ፤ ጉንጩን ነካ፤ ከዚያ በሆዱ ያለውን አወጣው።

«እኔ ምን በድዬሽ ነው ኮከብ?» አለ። «ቃሌን ሰጥቼሽ ነበር። ያን ቀን ከጎጆዬ ፈቀቅ አላልሁም፤ ይኸ ጉልበት አብጦብኝ መች መቆም ችዬ። ቢጠሩኝ እየተጎተትሁም አልመጣም?»

ኮከብ ግራ ገባት። ቀስ ብላ ወደ አሰጋሽ ዞረች። አሰጋሽ እጇ ላይ የያዘችው የዱራ ወንፊት ቆመ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እኔ ነኝ አያ ካሣ» አለ አንዳርጋቸው ከተቀመጠበት። «ጉልበትዎን አውቃለሁና፣ እኔ ነኝ እንዳይጠሩ ያልሁት። እታለም አሰጋሽን ከደጅ ስትወጣ በጆሮዋ ሎሪ ማቆሚያ ወርዷል በይ ያልኋት እኔ ነኝ። ክርስትና አባትነቱን ፈልጌው ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ካሣ ራሱን ነቀነቀ፤ ለጽድቁ መሽቀዳደም ደግ ነው፣ ለሰው ግን ይነገራል ብሎ ጥቂት አጉረምርሞ ይቅር አለው። ኮከብ ልጇን አንሥታ ጎጆ ገባች።

አንዳርጋቸው ሲነሣ አሰጋሽ ተከተለችው። ከሰፈሩ ወጥተው ሎሪ የሚያልፍበት መንገድ ጋ ደረሱ። እዚያ ቆመ። ከማን እንደሰማህ ንገረኝ አለችው።

«ከማንም አልሰማሁም» አላት። «ያን ጧት ወደ ሎሪ ማቆሚያው ሳልወርድ፣ ከካሣ ቤት ነው የመጣሁ። ጉልበቱን አሽቼለት ነበር። የለም ስትይ መኖሩን አውቃለሁ።»

እንግዲያስ ያ አስተያየት ልመና አልነበረም። አሰጋሽ ከመንገዱ ዳር ተቀመጠች። እያወቅህ ለምን አነሣኸው፣ ለምን ውሸታም ናት አላልህም ብላ ጠየቀችው፤ ሲመልስ ቁጣ አልነበረውም፤ ቢቆጣላት በወደደች።

«ልጁ እጄ ላይ ነበር። ትንፋሹ ሲቆራረጥ በክንዴ ይሰማኛል። ካሣ አለ፣ ይጠራ ብዬ እኛ ስንጨቃጨቅ ቢሞትስ? የሷን ልጅ ለራሴ ጋብቻ ብዬ አስገድዬ፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ውሸታም ናት ብልስ፣ ባሏን ቀብራ፣ እኔንም አጥታ፣ አንቺንም ብታጣ ማን አላት?»

ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ያን የላክሁሽን መልእክት እውነት ነግረሻት ነበር ወይ አላት። አሰጋሽ መሬት መሬት አየች። መልሱን ከዚያ አገኘ።

«እንዲያ ከሆነ አታውቅም» አለ። «እኔ እንግዲህ አበልጅዋ ነኝ፤ ወድጄሽ ነበር የሚል ነገር ከአፌ አይወጣም። መናገሩም መተዉም ያንቺ ፋንታ ነው።»

ኒው ሀልፋ ሸንኮራ ቆረጣ ሰው ይፈልጋሉ ሲሉ ሰምቷል፤ በማግስቱ ሄደ። ለኮከብ ያስተላለፈው ስንብት ብቻ ነው፤ ልጄን ሳሚልኝ በያት አለ።

በሄደ ማግስት እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ ሴቶች ጎጆው ጥላ ሥር ተቀምጠው ከዱራው ጠጠር ይለቅሙ ነበር። አሰጋሽ ስንብቱን ነገረቻት። ኮከብ መልቀሟን አላቆመችም። ቆይታ፣ እንባዋ ሳይቀድማት ቃሏ ቀደመ።

«ሞኝ ነበርሁ እኮ እታለም። ይፈልገኛል ብዬ ነበር። ውኃ ሲያመጣ፣ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ለኔ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌ ይልካል ብዬ ስንት ቀን ጠበቅሁ። እሱ ለካ አያ ካሣ እንዳይጠራ አድርጎ፣ ፈልጎ ነው አበልጄ የሆነ። እንዳላስቸግረው ነው።» ከዚያ እንባዋ መጣ። ለባሏ አልቅሳ ያልጨረሰችውም ያን ቀን አብሮ ወጣ።

አሰጋሽ እጇ ሙሉ ዱራ እንደያዘ ቀረ። አንድ ቃል ነው። ወዶሻል፣ መልእክት ልኮልሽ ነበር፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ ቢሏት ሰውየው አይመለስም፤ አበልጅነቱም አይፈርስም። ግን ይቺ ልጅ የተናቀች መስሏት አታረጅም። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ከቃሉ በስተኋላ ደግሞ ኮከብ ልጇን አንሥታ ከዚህ ጎጆ ስትወጣ ታያት፤ አንድ ካርድ ላይ አንድ ስም፣ ባዶ መደብ፣ የሚያስገሱት ሕፃን የሌለበት ጧት። ሠላሳ አራት ዓመት ያን ኖራዋለች። ደግማ ልትኖረው አልቻለችም። ብትችል ኖሮ ይህን ታሪክ በሌላ መንገድ እጨርሰው ነበር።

«ወንድ እንዲያ ነው» አለቻት። «ልብሽን አትጣይበት።»

ኮከብ ተጠግታ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ልጁ በመሐላቸው ተኝቷል። አሰጋሽ ዱራውን ወንፊቱ ላይ መለሰችና ጠጉሯን ትዳስስላት ጀመር፤ እጇ ይወዳታል፤ ይህ መቼም ተለውጦ አያውቅም።

«አንቺስ? አንቺም ትሄጅ ይሆን?» አለች ኮከብ።

«የትም አልሄድም» አለቻት አሰጋሽ። ከነገረቻት ሁሉ እውነቱ ይኸ ብቻ ነበር።